ያለ ኦቨን የሚሠራ ጣፋጭና ጨዋማ የኮርንፍሌክስ ቁራጭ

ይህን ቁራጭ ለመሥራት ኦቨን አይሞቅም፣ ሊጥ አይታሽም፣ እንቁላልም አይመታም። አንድ ድስት፣ አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ሳህንና አንድ ትሪ ይበቃል። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ የቀረው እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ሆኖም «ቀላል ነው» ሲባል ሰምቶ የሚጀምር ብዙ ሰው ጥርስ የማይደፍረው ጠጣር ነገር፣ ወይም ሲያነሱት ከእጅ ላይ የሚፈርስ ፍርፋሪ ይደርሰዋል። የዚህ ምክንያት ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ሁሉን የሚያያይዘው የስኳርና የማር ሽሮፕ አፈላል ነው። ጥሩ ረግቶ ሳለ ሁለተኛውን ቁራጭ ለማንሳት የማያሰኝ፣ አፍ የሚያሰለች ጣፋጭ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የጨው አገባብ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን በሰፊው እናያለን፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ልኩ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትሪ ነው፤ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ሲቆረጥ 16 ቁራጭ ይወጣዋል። ኩባያ ሲባል 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ነው። ሚዛን ካለ ግን በሚዛን ይሥሩ፤ ኮርንፍሌክስ (ከበቆሎ የሚሠራው፣ ስስ ቅጠል የመሰለ የቁርስ ምግብ) እንደ ቅጠሉ ትልቅነትና ትንሽነት በኩባያ ሲለካ ብዙ ይለያያል።

ለደረቁ ክፍል፦
ስኳር ያልተቀባ ኮርንፍሌክስ 100 ግራም (3 ኩባያ ተኩል ገደማ)
ፕሬትዝል 50 ግራም
የተቆላ ጨዋማ ኦቾሎኒ 50 ግራም

ለሽሮፑ፦
ስኳር 100 ግራም
ማር ወይም ግሉኮስ ሽሮፕ 170 ግራም (ግማሽ ኩባያ)
ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ
ደቃቅ ጨው 2 ግራም (የሻይ ማንኪያ ሲሶ)
የገበታ ቅቤ 15 ግራም
የኦቾሎኒ ቅቤ 130 ግራም (ግማሽ ኩባያ)
ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ

ለላዩ፦
ጥቁር ቸኮሌት 150 ግራም
የኦቾሎኒ ቅቤ 1 የሾርባ ማንኪያ
ሻካራ ጨው 2 ግራም ገደማ

ፕሬትዝል ደርቆ የተጋገረ፣ ጨው የተነሰነሰበት ቋጠሮ ወይም እንጨት መሳይ ብስኩት ነው። ካልተገኘ ማንኛውም ስኳር የሌለው ስስ ጨዋማ ብስኩት ይተካዋል። ኮርንፍሌክሱን በተፈነዳ ሩዝ መተካት ይቻላል፤ ክብደቱ ያው 100 ግራም ይሁን። ስኳር የተቀባ ኮርንፍሌክስ ግን ለዚህ ሥራ አይመከርም። ሽሮፑ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ደረቁ ክፍል ጣዕም አልባ ሲሆን ነው ሚዛኑ የሚጠበቀው።

የኦቾሎኒ ቅቤው ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፍ ዓይነት ከሆነ ከመለካትዎ በፊት እስከ ታች ድረስ በደንብ ያማስሉት። ከላይ ብቻ የተቀዳው ዘይት ይበዛበትና ቁራጩ ይላላል፤ ከታች የተዛቀው ደግሞ ይደርቃል። ስኳርና ጨው የተጨመረበት ዓይነት ከሆነ የሽሮፑን ጨው ወደ 1 ግራም ይቀንሱ። ኦቾሎኒ ለማይስማማው ሰው ሁለቱንም፣ ማለትም ቅቤውንም ፍሬውንም፣ በሱፍ ቅቤና በተቆላ ሱፍ መተካት ይቻላል፤ የሱፍ ቅቤ ትንሽ ስለሚመር ቫኒላውን አንድ ተኩል ማንኪያ ያድርጉት።

ስለ አለርጂ ከተነሳ ሁለት ነገር ይታወስ። ፕሬትዝል ስንዴ ነው፤ ብዙዎቹ የኮርንፍሌክስ ዓይነቶችም የገብስ ብቅል ይገባባቸዋል፤ ስለዚህ ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ለማይስማማው ሰው የማሸጊያውን ጽሑፍ ሳያነቡ አይስጡ። ማር ያለበትን ደግሞ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በፍጹም አይስጡ፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው፣ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው የባክቴሪያ ዘር የሕፃን አንጀት ውስጥ ሊያድግ ይችላል።

እሳት ከመለኮስ በፊት

ሽሮፑ ከእሳት ከወጣ በኋላ ያለዎት ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ትሪ ፍለጋ ቁም ሣጥን የሚከፈትበት ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ይሰናዳ።

ትሪውን በመጋገሪያ ወረቀት ያልብሱ፤ ወረቀቱ በሁለት ጎን ከትሪው ጠርዝ አልፎ ይውጣ፣ በኋላ ይዘው የሚያነሱት በእሱ ነው። ወረቀቱን ዘይት በነካ ጣት ስስ አድርገው ያብሱት።

ኮርንፍሌክሱን አንዱን ቅጠል አንስተው ይቅመሱ። ኮርሸም ካላለ፣ ወይም ካርቶኑ ከተከፈተ ሰንብቶ ከሆነ፣ በደረቅ መጥበሻ ላይ በለስላሳ እሳት ከ3 እስከ 4 ደቂቃ እያገላበጡ ያምሱትና ሙሉ በሙሉ ይብረድ። የለሰለሰ ኮርንፍሌክስ ሽሮፕ ውስጥ ገብቶ አይደርቅም፤ ይብስበታል እንጂ።

ፕሬትዝሉን በእጅ ሰባብረው የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ያድርጉት። ከዚያ በወንፊት ነፋ ነፋ ያድርጉትና ብናኙን ይለዩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ዋጋው ግን ትልቅ ነው። ብናኝ ሽሮፕን እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ ቅጠሎቹን እርስ በርስ ለማያያዝ የተለካው ሽሮፕ ያልቅና ቁራጩ ይፈረፈራል። ከኮርንፍሌክሱ ካርቶን ታች የሚቀረውም ዱቄት እንዲሁ ይቅር። ኦቾሎኒውን ለሁለት ለሁለት ይክፈሉ። ሦስቱን በሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ያደባልቁ፤ ሳህኑ ከድብልቁ እጥፍ የሚሰፋ ይሁን፣ ያለዚያ ሲያማስሉ ኮርንፍሌክሱ ይደቅቃል።

ሽሮፑ

ታቹ ወፍራም የሆነ ድስት ይምረጡ። ስስ ድስት ታቹን አሳርሮ ላዩን ጥሬ ይተወዋል። ስኳሩን፣ ማሩን፣ ውሃውንና ደቃቁን ጨው አንድ ላይ ይጨምሩና በመለስተኛ እሳት ላይ ይጣዱ። ጨው እዚህ ላይ የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጨው የሚሟሟው በውሃ ነው፣ በቅባት አይሟሟም። የኦቾሎኒ ቅቤው ከገባ በኋላ ቢጨመር እንክብሉ እንዳለ ይቀርና አንዱ ጉርሻ ጨው ይበዛበታል፣ ሌላው ምንም አይኖረውም።

ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ ቀስ ብለው ያማስሉ። በማንኪያ ጀርባ ጥቂት አንስተው ሲያዩት እንክብል መታየት የለበትም። በድስቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የስኳር እንክብል ካለ ውሃ በነካ ብሩሽ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ወደ ታች ጠረግ ያድርጉት፤ ሳይሟሟ የቀረ አንድ እንክብል ሌላውን ስኳር ወደ እንክብልነት ይጠራዋል፣ በማግስቱም ቁራጩ አሸዋ አሸዋ ይላል። ማር ወይም ግሉኮስ የሚጨመረውም ለጣዕም ብቻ አይደለም። በማር ውስጥ ያሉት ፍሩክቶስና ግሉኮስ የስኳሩ ቅንጣቶች ተሰልፈው እንዳይረጉ መካከላቸው ይገባሉ። ማሩን ትቶ በስኳር ብቻ የሠራ ሰው ለዚህ ነው ሸካራ ነገር የሚያገኘው።

ስኳሩ ከሟሟ በኋላ ማማሰሉን ያቁሙና ይጠብቁ። መጀመሪያ ከድስቱ ጠርዝ ትንንሽ አረፋ ይነሳል፤ ይህ ገና ነው። ቀጥሎ አረፋው ወደ መካከል ይገባና ላዩን በሙሉ ይሸፍነዋል። መላው ላይኛው ክፍል ሲንተከተክ እንዳዩ እስከ 20 ይቁጠሩና ድስቱን ከእሳት ያውርዱ። አንድ ደቂቃ አይጨምሩ፣ ግማሽ ደቂቃም አይጨምሩ።

ይህን ያህል ጥብቅ መሆን የሚያስፈልገው በሽሮፑ ውስጥ ያለው ውሃ በጣም ጥቂት ስለሆነ ነው። የማሩ 18 በመቶ ገደማና አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ ሁሉም ተደምሮ 45 ግራም አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ በእንፋሎት 10 ግራም ሲሄድ ሽሮፑ ለስላሳ ካራሜላ ከሚሆንበት ደረጃ አልፎ ሲረጋ ጠጣር ወደሚሆንበት ይሻገራል። ከወረደም በኋላ ወፍራሙ ድስት ሙቀቱን ይዞ ጥቂት ያበስለዋል።

የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ከ112 እስከ 114 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ያውርድ። ይህ ቁጥር ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ውሃ ቀደም ብሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ አስቀድመው ንጹሕ ውሃ አፍልተው ቴርሞሜትሩ የሚያሳየውን ይዩና በዚያ ላይ ከ12 እስከ 14 ይደምሩ፤ የእርስዎ ቁጥር ያ ነው። ከፍታ ላይ ሆኖ 112ን የሚጠብቅ ሰው ሽሮፑን ሳያውቀው ከልኩ አሳልፎ ያፈላዋል።

ቴርሞሜትር ለሌለው የቀዝቃዛ ውሃ ፈተና አለ። በብርጭቆ በረዶ የመሰለ ውሃ ያስቀምጡ፤ ከሽሮፑ አንድ ጠብታ ይጣሉበት፣ በጣት ይልቀሙት። ተጠቅልሎ ለስላሳ ኳስ ከሆነና በሁለት ጣት ሲጫኑት ጠፍጣፋ ከሆነ ደርሷል። ውሃው ውስጥ ከተበተነ ገና ነው፤ 15 ሰከንድ ይጨምሩ። ጠንክሮ ጣትን የሚመልስ ከሆነ አልፏል። ያለፈው አይጣልም፦ ድስቱን ከእሳት አርቀው አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ቀስ ብለው ይጨምሩ፣ ፊትዎን ያርቁ፣ ይረጫልና፤ ከዚያ በለስላሳ እሳት እስኪዋሃድ ብቻ ያሙቁት። በፈተናው ጊዜ ድስቱ እሳት ላይ መቆየት የለበትም፤ ጠብታው ሲመረመር ሽሮፑ መብሰሉን አይተውም።

አንድ ማሳሰቢያ። ይህ ሽሮፕ ከፈላ ውሃ ይበልጥ ያቃጥላል፣ ቆዳ ላይም ተለጥፎ ይቀራል። ልጆች የሚሳተፉት በመሰባበርና በመነስነሱ ላይ ይሁን። ጠብታ እጅ ከነካ ወዲያው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይያዝ፤ መጥረግ ቁስሉን ያሰፋዋል።

ማዋሃድና መጠቅጠቅ

ድስቱ ከእሳት እንደወረደ የገበታ ቅቤውን፣ የኦቾሎኒ ቅቤውንና ቫኒላውን ይጨምሩና ወጥ እስኪሆን ያማስሉ። የኦቾሎኒ ቅቤ እሳት ላይ ሳለ ከገባ ዘይቱ ይለያል፤ ድብልቁ ተቆራርጦ ዘይት ዳር ዳር ሲል ያዩታል። ከሆነም አንድ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምረው በኃይል ሲመቱት ተመልሶ ይያያዛል።

ወዲያው በደረቁ ድብልቅ ላይ ያፍስሱት። በእንጨት ማንኪያ ወይም በሰፊ የሲሊኮን ማማሰያ ከሥር ወደ ላይ እያነሱ ያገላብጡ፤ እንደ ገንፎ አይደለም የሚማሰለው። ሽሮፕ ያልነካው ደረቅ ቅጠል እስኪጠፋ ይቀጥሉ፣ ከዚያ ይቁም።

ወደ ትሪው ይገልብጡት። መጀመሪያ አራቱን ማዕዘን ይሙሉ፤ መካከሉ ራሱ ይሞላል። ሁለተኛ የመጋገሪያ ወረቀት ከላይ አልብሰው በታቹ ጠፍጣፋ በሆነ ኩባያ ይጫኑ። የአጫጫኑ ልክ ይህ ነው፦ ላዩ እኩል ሆኖ ክፍተት ካልታየ በቂ ነው። ሲጫኑ የቅጠል መሰበር ድምፅ ከተሰማ በዝቷል። እጅግ የተጠቀጠቀ ሲረጋ እንደ ጡብ ይሆናል፤ ሳይጫን የቀረ ደግሞ ሲቆረጥ ይበታተናል።

ላዩና ሦስተኛው ጨው

ጨው እስካሁን ሁለት ቦታ ገብቷል። በሽሮፑ ውስጥ ያለው አይታወቅም፤ ሥራው ጣፋጩን ማለዘብና የኦቾሎኒውን ምሬት መሸፈን ነው። በፕሬትዝሉና በኦቾሎኒው ላይ ያለው አልፎ አልፎ ምላስን ይነካል። ሦስተኛው ከላይ የሚነሰነሰው ሻካራ ጨው ነው፤ ጉርሻው አፍ እንደገባ መጀመሪያ የሚገናኘው እሱ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጣፋጭ ደምቆ የሚሰማውም በእሱ ምክንያት ነው። ያንኑ ጨው በሙሉ ሽሮፑ ውስጥ ቢያፈሱት ቁራጩ ጨው የበዛበት ብቻ ይሆናል፤ ጣፋጭና ጨዋማ አይባልም።

ቸኮሌቱን ከትፈው ከአንድ የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ጋር በደረቅ ሳህን ውስጥ፣ እንፋሎት በሚወጣው ውሃ ላይ ያቅልጡ። የሳህኑ ታች ውሃውን አይንካ። አንዲት ጠብታ ውሃ ቸኮሌቱ ውስጥ ከገባች እንደ ጭቃ ይጠጥራል። በማይክሮዌቭ ከሆነ በግማሽ ኃይል፣ በየ30 ሰከንዱ እያወጡ ያማስሉ። ሲሶው ገና ሳይቀልጥ ያውጡትና በማማሰል ይጨርሱት። የኦቾሎኒ ቅቤው የሚገባው ቸኮሌቱ ሲረጋ እንዳይደርቅና ቢላ ሲያርፍበት እንዳይሰነጣጠቅ ነው።

በትሪው ላይ አፍስሰው ያስተካክሉ። አሁን ጨው አይነስንሱ። ቸኮሌቱ ፈሳሽ ሳለ የተነሰነሰ ጨው ይሰምጣል፤ ከረጋ በኋላ የተነሰነሰው ደግሞ ሲያነሱት ይረግፋል። ትክክለኛው ጊዜ አንጸባራቂው ገጽ መደብዘዝ ሲጀምር ነው፤ እንደ ክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ጣት ሲነካው የሚጣበቅ ግን የማይፈስ ከሆነ ሰዓቱ ነው። እጅዎን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይነስንሱ፤ ከቅርብ የተነሰነሰ ጨው አንድ ቦታ ይከማቻል።

ቸኮሌት የማይፈልግ ሰው ይተወው። ያን ጊዜ ግን ጨውን ሊቀርብ ሲል ብቻ ይነስንስ፤ ማር ያለበት ገጽ ላይ ቀድሞ የተነሰነሰ ጨው እርጥበት ስቦ ይሟሟል፣ ላዩንም ያጣብቀዋል።

ማርጋትና መቁረጥ

በክፍል ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ወይም ፍሪጅ ውስጥ 40 ደቂቃ። ከፍሪጅ እንደወጣ አይቁረጡት፤ 10 ደቂቃ ይቆይ። በወረቀቱ ይዘው ያውጡትና ትልቅ ቢላ በሙቅ ውሃ አሙቀው፣ አድርቀው፣ ወደ ታች ተጭነው ይቁረጡ። እንደ ዳቦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መገዝገዝ ኮርንፍሌክሱን ያፈርሰዋል። ከየቁርጡ በኋላ ቢላውን ይጥረጉ።

ሲበላሽ

ጠጣር ከሆነ ሽሮፑ ከልኩ በላይ ፈልቷል። ከረጋ በኋላ ማለስለስ አይቻልም፤ ትንንሽ አድርገው ሰባብረው እርጎ ወይም አይስክሬም ላይ ይጠቀሙበት። በክፍል ሙቀት የሚላላና ቅርጹን የማይዝ ከሆነ አፈላሉ አንሷል፤ ፍሪጅ ውስጥ አቆይተው በቀዝቃዛው ይበሉት። የሚፈረፈር ከሆነ ገና ሳይቆረጥ ሊታረም ይችላል፦ 2 የሾርባ ማንኪያ ማርና 2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ አሙቀው፣ ፍርፋሪውን መልሰው አዋሕደው፣ እንደገና ይጠቅጥቁ። በላዩ ግራጫ ደመና የታየበት ቸኮሌት ሲቀልጥ ከመጠን በላይ ሙቋል፤ መልኩን እንጂ ጣዕሙን ብዙም አይጎዳውም።

እጥፍ መሥራት የሚፈልጉ ከሆነ ሽሮፑን በአንድ ድስት ማፍላት ይችላሉ፤ እስኪንተከተክ የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፣ ከዚያ በኋላ ያለው 20 ቁጥር ግን ያው ነው። ማዋሃዱን በሁለት ሳህን ይክፈሉት። ሁለት መቶ ግራም ኮርንፍሌክስን በአንድ ሳህን ሳይደቅ ሽሮፕ ማልበስ ከባድ ነው፤ ሳይጨርሱም ይረጋብዎታል።

ሁለት አማራጮች

ሽሮፕ ማፍላት ለሚፈራ ሰው፦ 200 ግራም ቸኮሌት አቅልጦ 80 ግራም ኮርንፍሌክስና 30 ግራም ጨዋማ ኦቾሎኒ ማልበስ፣ በሾርባ ማንኪያ እየቆነጠሩ ወረቀት ላይ መደርደር፣ መደብዘዝ ሲጀምር ሻካራ ጨው መነስነስ። ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚሻለውም ይህ ነው።

በማርሽማሎ (እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ የስኳር ከረሜላ) የሚሠራው ደግሞ ከሁሉም የታወቀው ነው። የተፈነዳ ሩዝን በቀለጠ ማርሽማሎ የማያያዙ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ የኬሎግ ኩባንያ ባልደረባ በነበረችው ሚልድረድ ዴይ ስም ይታወቃል። 280 ግራም ማርሽማሎ፣ 45 ግራም የገበታ ቅቤና 170 ግራም የተፈነዳ ሩዝ ነው ልኩ፤ በ20 በ20 ትሪ ወፍራም፣ በ23 በ33 ትሪ ስስ ይወጣል። እዚህም ጠላቱ ኃይለኛ እሳት ነው። ቅቤውን መጀመሪያ አቅልጠው፣ ማርሽማሎውን ጨምረው፣ በመጨረሻው ለስላሳ እሳት እያማሰሉ፣ ጥቂት እብጠት እየታየ ሳለ ያውርዱት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ከቅቤው ጋር ይግባ። ሲጠቀጠቅ ከኦቾሎኒው ዓይነት ይበልጥ በቀስታ፣ በቅቤ በታሸ እጅ ይሁን። ማርሽማሎ ብዙ ጊዜ ከእንስሳት የሚገኝ ጄላቲን አለበት፤ ይህን የማይበላ ሰው ካለ የማሸጊያውን ጽሑፍ ይመልከቱ።

አቀማመጥ

አየር በማያስገባ ዕቃ፣ በየደርቡ መካከል ወረቀት እየተደረገ፣ ከፀሐይ ርቆ በክፍል ሙቀት ከ4 እስከ 5 ቀን ይቆያል። መጀመሪያ የሚለሰልሰው ፕሬትዝሉ ነው፤ ከማሩ እርጥበት ቀስ በቀስ ይስባል፣ ስለዚህ ምርጡ ቀን የመጀመሪያውና ሁለተኛው ነው። ክፍሉ ሞቃት ከሆነና ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ክዳኑ የጠበቀ ይሁን። ለአንድ ወር ያህል በፍሪዘር ማቆየትም ይቻላል። ሲወጣ ግን ዕቃውን ሳይከፍቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ ይተዉት፤ ጤዛው በዕቃው ውጭ ይያዛል፣ ቁራጩ ላይ አያርፍም።